ለአራስ የሚሆን ሞዴስ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሱቆች የትኛው ይገዛ?

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት መገዛት ያለበት ወፍራሙ፣ ረጅሙና ሽቶ የሌለው የሌሊት ሞዴስ ነው። ባል ወይም እህት ወደ ሱቅ ሲላኩ ግን ብዙ ጊዜ ይዘው የሚመለሱት ቀጭኑን ባለክንፍ ነው። በየሰፈሩ ይገኛል፣ ዋጋውም ይቀላል። ቀጭኑ ለወር አበባ ደህና ዕቃ ነው፤ ለወሊድ ደም ግን አይችልም።

ለምን እንደማይችል አንዱን ቀዶ ማየት ይበቃል። ቆዳ የሚነካ ስስ ሽፋን፣ ከሥሩ ጥጥ የሚመስል ከእንጨት የተሠራ ልባስ፣ በልባሱ ውስጥ የተበተነ ፈሳሽ ሲነካው ጄል የሚሆን ነጭ ዱቄት፣ ከታች ደግሞ ፈሳሽ የማያሳልፍ ላስቲክ አለው። ወፍራሙ ሥራውን በልባሱ ይሠራል፤ ቀጭኑ ልባሱ ትንሽ ስለሆነ የሚመካው በዱቄቱ ነው። ዱቄቱ ውሃ ቶሎ ይጠጣል፤ ደም ግን ወፈር ስለሚል ያዘግመዋል። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም የረጋ ቁራጭ አለበት። ቁራጩ ሽፋኑን አልፎ አይገባም፣ ላዩ ላይ ይተኛል፤ ተከትሎት የሚመጣው ደም መግቢያ ሲያጣ በጎን ይፈስሳል። ሞዴሱ ግማሹ ደረቅ ሆኖ ሳለ አንሶላው የሚበላሸው ለዚህ ነው።

ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ እሽጉ ላይ በሚሊ ሜትር ይጻፋል። 240 የቀን ነው፣ 290 መካከለኛ፤ ለአራስ ከ320 በላይ ያለው ይፈለግ። አራስ አብዛኛውን ጊዜ ስለምትተኛ ደሙ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፤ አጭሩን ሞዴስ ወደ ኋላ ስቦ መለጠፍ ፊቱን ክፍት ያደርገዋል እንጂ ችግሩን አይፈታም። ሽፋኑም ይታይ። እንደ ጨርቅ የለሰለሰው ስፌት ላላት ሴት ይሻላል፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የላስቲክ መረብ ላብ ይይዛል፣ ስፌቱንም ይፈገፍጋል። ይህ በኮምቦልቻ ሙቀት በፍጥነት ወደ ማሳከክና ሽፍታ ይሄዳል። ሽቶ ያለው በሁለቱም ከተማ ይቅር። ቁስል ላይ ያቃጥላል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የደሙን ሽታ መሸፈኑ ነው። መጥፎ ሽታ የኢንፌክሽን ምልክት ስለሆነ መሸፈን የለበትም።

ከሁለት ዓይነት አንዱን ለመምረጥ ለተቸገረ ቀላል ሙከራ አለ። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ፍሬ ወስዶ፣ ግማሽ የቡና ሲኒ ውሃ መካከሉ ላይ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቆ ነጭ ሶፍት አስቀምጦ በመዳፍ መጫን ነው። ሶፍቱን አርጥቦ የሚመልሰው ይጣል። ውሃ ከደም ስለሚቀል፣ ውሃን ያልያዘ ሞዴስ ደምን ይይዛል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም።

ብዙዎች መፍትሔ አድርገው የሚያዩት የአዋቂ ዳይፐር ነው። እንደ ሱሪ የሚለበሰው ዓይነት ለአንድ ነገር ተወዳዳሪ የለውም፦ ለመንገድ። ከደሴ ሆስፒታል ወጥታ ሐረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ የምትገባ አራስ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ሞዴስ መቀየር አትችልም፤ ለመጀመሪያው ሌሊትም እንቅልፍ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ግን አንመክረውም። ዳይፐር ብዙ ስለሚይዝና ላዩ ቶሎ ስለሚደርቅ ምን ያህል ደም እንደፈሰሰ ይደብቃል። ወፍራም ሞዴስ ሲሞላ ያስታውቃል፤ ዳይፐር ግን ያን ሁሉ ጠጥቶ ገና ቦታ እንዳለው ይመስላል። ለአራስ ደግሞ የፈሰሰውን መጠን ማወቅ አንሶላ ከማዳን ይበልጣል። የሚለብሱት ካለ በየሦስት ሰዓቱ ገልጦ ማየት ግድ ነው። በጎን በፕላስተር የሚታሰረው ዓይነት ለሚራመድ ሰው አይመችም። የሕፃን ዳይፐር ቀዶ እንደ ሞዴስ ማንጠፍም ያው ነው፤ የተሠራው ለሽንት ነው፣ ጠርዙም ብሽሽት ይቆርጣል።

ጥቅል ጥጥ ርካሽ ነው፣ ግን ክሩ ስፌት ላይ ይጣበቃል። አማራጭ ከጠፋ በንጹሕ ጎዝ ተጠቅልሎ ይደረግ፤ ባዶውን አይሁን።

የጨርቅ ነገር ከተማው ይወስነዋል። በቀዝቃዛ ውሃ ደሙን ማስለቀቅ (ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል)፣ ቀጥሎ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ሳሙናው እስኪለቅ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው ሥርዓቱ። ኮምቦልቻ ላይ በበጋ ጠዋት የተሰጣ ከሰዓት ይደርቃል። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ሲተኛ ወፍራም ጨርቅ ሁለት ቀን ሙሉ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ከሰው ዓይን ተደብቆ አልጋ ሥር ወይም ከሌላ ልብስ በታች የተሰጣው ደግሞ ጭራሽ አይደርቅም። እርጥብ ጨርቅ ጀርም ያፈራል፣ ጀርሙም ገና ወዳልዳነ ቁስል ይገባል። ስለዚህ ደሴ ላይ በክረምት የምትወልድ ሴት በጨርቅ የምትጠቀም ከሆነ እስከ ውስጡ በካውያ ይድረቅላት፤ ከ10 እስከ 12 ፍሬም ይኑራት። ጨርቁ ነጭ ወይም ፈዛዛ ጥጥ ይሁን፤ ጥቁርና ቀይ ላይ የደሙ ቀለም አይለይም። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ በማርያም ሰባ ፋብሪካ እንደሚያሠሩት ያለ፣ ታጥቦ የሚደገም ሞዴስ ከተቀደደ ነጠላ በብዙ ይሻላል፤ ከታች የማያሳልፍ ሽፋን አለው፣ ፓንት ላይም ይቆለፋል። ጊዜው ግን ደሙ ከቀነሰ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ነው።

ስለ ሱቆቹ። የሰፈር ኪዮስክ የሚይዘው በአብዛኛው ቀጭኑን ስለሆነ፣ ረጅሙን ፒያሳ ወይም ሆስፒታል አካባቢ ባሉ ትልልቅ ፋርማሲዎች መፈለግ ይቀላል። ምጥ ከመጣ በኋላ ሌሊት የሚገዛ ሰው ያገኘውን ነው የሚያነሣው፤ በዘጠነኛው ወር መጀመሪያ ይገዛ። እሽጉ ያልተከፈተ ይሁን። በፍሬ የሚሸጥ ለወር አበባ ሊያልፍ ይችል ይሆናል፤ ለአራስ ግን ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅምና አይገዛ። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ እሽግም ይለፍ፤ ሙጫው ቀልጦ ወይ አይለጠፍም ወይ ፓንት ላይ ይቀራል። ዋጋ የሚወዳደረው በእሽግ ሳይሆን በፍሬ ነው፤ 7 የያዘና 10 የያዘ እሽግ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ።

ብዛቱን እንዲህ ማስላት ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በቀን 8 ያህል፣ ማለትም 24 ረጅምና ወፍራም። ከ4ኛው እስከ 10ኛው ቀን በቀን 5፣ ማለትም 35 መካከለኛ። ከዚያ በኋላ በቀን 3 ቀጭን ይበቃል፤ ቀጭኑ የሚጠቅመው አሁን ነው። ማልታና የአጥሚት እህል ይዞ የሚመጣ የቅርብ ጠያቂ አንድ እሽግ ሞዴስ እንዲጨምር መንገር ነውር አይደለም፤ ቤቱን ከብዙ ወጪ ያድናል። ፓንቱ ሰፊ፣ ጥጥና ወገቡ ከፍ ያለ ይሁን። በቀዶ ጥገና የወለደችም ትደማለች፤ ለእሷ ላስቲኩ ቁስሉን እንዳይነካ ከእምብርት በላይ የሚደርስ ይገዛላት።

በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ሞዴሱ ባይሞላም ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ። ከመቀየር በፊትም በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ገላው ከፊት ወደ ኋላ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። ወይባ የምትሞቅ ካለች ስፌቱ እስኪድን ትቆይ። ታምፖንና ካፕ፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ነገር፣ እስከ 6 ሳምንት ክልክል ነው። ያገለገለው በወረቀት ተጠቅልሎ በፌስታል ይጣል፤ ሽንት ቤት ከገባ ጄሉ አብጦ ቱቦ ይዘጋል።

ደሙ ለ3 ወይም 4 ቀን ቀይ፣ እስከ 10ኛው ቀን ገደማ ቡናማና ሮዝ፣ ከዚያ እስከ 6 ሳምንት ነጣ ያለ ቢጫ ይሆናል። ጡት ስታጠባ ወይም ጠዋት ከአልጋ ስትነሣ በአንዴ ቢወርድና ወዲያው ቢቀንስ የተጠራቀመው ነው፤ አያስደነግጥም። ወፍራሙ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ሞልቶ በቀጣዩም ሰዓት እንዲሁ ከሆነ፣ ከእንቁላል የሚበልጥ የረጋ ደም ከወጣ፣ ራስ ካዞራት፣ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ደሙ ከሸተተ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ሞዴስ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከራሰ ደግሞ ሰዓት አይጠበቅም፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። የሞሉትን ሞዴሶች በፌስታል አድርጎ ይዞ መሄድና የተቀየሩበትን ሰዓት መናገር፣ አዋላጅ ነርሷ የፈሰሰውን ደም መጠን ቶሎ እንድትገምት ይረዳታል።