የልጅነት መጫወቻዎቻችንን እንደ ሰው አክብሮ ፎቶ ላነሳልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በቤታችን ለረጅም ዘመን ተጠብቀው የኖሩ ሦስት መጫወቻዎችን፣ ማለትም አንድ ዐይኑ የወለቀ የጨርቅ ድብ፣ በቁልፍ ተጠምዝዞ የሚሄድ የቆርቆሮ መኪና እና እናታችን በልጅነቷ የተጫወተችበትን የሴሉሎይድ (የድሮ ዘመን ፕላስቲክ) አሻንጉሊት፣ በስቱዲዮ ፎቶ ላነሳልን ባለሙያ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን በይፋ ማቅረብ እወዳለሁ። ስሙ በአደባባይ እንዲነሳ ስላልፈለገ ፈቃዱን አክብሬ አልጠቅሰውም፤ ተመሳሳይ ሥራ ያለው ሰው ግን በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ በደስታ አገናኘዋለሁ።

ቀደም ሲል ያነጋገርኳቸው ስቱዲዮዎች መጫወቻዎቹን ለሽያጭ እንደተዘጋጀ ሸቀጥ በነጭ ጀርባ ላይ ደርድረው ቶሎ ለመጨረስ ነበር ያሰቡት። እርሱ ግን ካሜራውን ከማንሳቱ በፊት የእያንዳንዱን ታሪክ ጠየቀን፤ ማን ታቅፎት ይተኛ እንደነበር፣ የትኛው ወገኑ ይበልጥ እንደተነካካ፣ ማን እንደሰፋው ጭምር። የድቡ ግራ ጆሮ የሳሳው ወንድሜ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ በጣቶቹ ስለሚያሻሸው መሆኑን ስንነግረው፣ ዋናውን መብራት በሶፍትቦክስ (ብርሃንን በሚያሰራጭ ነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ሳጥን) አለስልሶ በዚያው ወገን ከጎን አቆመው፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን የጨርቁን ሸካራነትና ልስላሴ አጉልቶ ያወጣልና። በፎቶው ላይ በቀረችው የመስታወት ዐይን ውስጥ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ትታያለች፤ ሌላኛው ዐይን በነበረበት ቦታ ደግሞ ተንጠልጥሎ የቀረው ጥቁር ክር ከነጥላው በግልጽ ይታያል።

የሰው ፊት ሲነሳ እንደሚደረገው ሁሉ ካሜራውን እስከ ድቡ ዐይን ከፍታ ዝቅ አድርጎ፣ 100 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥሞ፣ ራቅ ብሎ ነው ያነሳው፤ በሰፊ ሌንስ በጣም ተጠግተው ሲያነሱ አፍንጫ ያለ ልክ ይገዝፋል፣ ከላይ ወደ ታች የተነሳ መጫወቻም መሬት ላይ ወድቆ የቀረ ዕቃ ይመስላል። እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ላይ አፍንጫው ሲጠራ ጆሮው ስለሚደበዝዝ፣ ካሜራውን በትራይፖድ አስሮ ፎከሱን በጥቂት በጥቂቱ እያሸሸ ደጋግሞ ካነሳ በኋላ ምስሎቹን በኮምፒውተር አዋህዷቸዋል።

ከሁሉም በላይ ያመሰገንኩት ግን ጥንቃቄውን ነው። ሴሉሎይድ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር መሆኑን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ለእናታችን አሻንጉሊት የሚያቃጥል አምፖል ፈጽሞ አላበራም፤ በፍላሽ ብቻ ነው የሠራው። የቆርቆሮውን መኪና የእጅ ላብ እንዳያዝገው በጥጥ ጓንት ያዘው፣ አቧራውንም በለስላሳ ብሩሽና በእጅ በሚጨመቅ የአየር መንፊያ አራገፈ። በኤዲቲንግ ጊዜ ድቡን ደግፎ የያዘውን ሽቦ ከማጥፋት በቀር የተላጠውን ቀለም፣ የተሰነጠቀውን ጉንጭ፣ የአያታችንን ያልተስተካከለ ስፌት አልነካም። የደበዘዘው ቀይ ቀለም እንደገና ደማቅ እንዳይሆን እንኳ በግራጫ ካርድ (የፎቶ ቀለም ትክክለኛነት በሚለካበት ግራጫ ወረቀት) ቀለሙን አመሳክሯል። እናታችን ፎቶውን ስታይ መጀመሪያ የጠቆመችው ያንኑ ስንጥቅ ነው።

ባለሙያው አንዱን መጫወቻ ለማንሳት ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ለሚቸኩል ሰው አይሆንም፤ ትዕግሥት ላለው ግን ያለ ምንም ጥርጥር እጠቁመዋለሁ። ወደ እርሱ የምትሄዱ ሁሉ መጫወቻዎቻችሁን አስቀድማችሁ አትጠቡ፤ አሮጌ ሙሌት ውኃ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም፣ ሊሻግትም ይችላል። እያንዳንዱን ለብቻው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ከመጫወቻው ጋር የተነሳችሁት የልጅነት ፎቶ ካላችሁም ይዛችሁ ሂዱ፤ አቀማመጡን የሚመርጠው እርሱን አይቶ ነውና።