ተዘግቶ ነው ወይስ ተበላሽቶ? የኡኒ ፕሮብ ግምገማ

አንድ ድረ ገጽ አልከፈት ሲል «መንግሥት ዘጋው» የሚል ወሬ ለመናፈስ ጊዜ አይወስድበትም። ኡኒ ፕሮብ ይህን ወሬ የምንፈትንበት ነጻ መተግበሪያ ነው። የተዘጋውን አይከፍትም፤ ቪፒኤን የሚፈልግ ሰው ሌላ ይፈልግ።

ገና ስከፍተው ልቤን የማረከው ሁለት ጥያቄ ማቅረቡ ነው፦ እውነት ወይስ ሐሰት? መስመሩን የሚከታተል አካል መተግበሪያውን እየተጠቀምኩ መሆኑን ሊያይ ይችላል። የምርመራዬ ውጤትም ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይታተማል። ሁለቱም እውነት ናቸው። አደጋውን በረጅም የውል ጽሑፍ ውስጥ ሳይደብቅ ፊት ለፊት የሚነግር መተግበሪያ ክብር ይገባዋል።

ምርመራው ሲጀመር ስልኬ በራሱ መስመር ወደ ድረ ገጹ ይሄዳል፤ ሌላ ቦታ ያለ ሰርቨርም ያንኑ ገጽ ይጠይቃል። ሁለቱ መልሶች ከተለያዩ መሰናክሉ የት እንደገጠመ ይነግረኛል፦ የገጹን አድራሻ ከዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ ከሚተረጉመው ሥርዓት) ሲጠይቅ፣ ግንኙነት ሲመሠርት ወይስ ገጹን ሲቀበል። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ሲግናል ደግሞ የየራሳቸው ምርመራ አላቸው።

ይህ ዝርዝር ቅንጦት አይደለም። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ቴሌግራምን ስታግድ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአማዞንና የጉግል አይፒ አድራሻዎችን (በኢንተርኔት ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች የሚገኙባቸውን ቁጥሮች) አብራ ዘግታ ነበር። ከቴሌግራም ጋር ጉዳይ የሌላቸው አገልግሎቶች ሳይቀሩ ተሰናከሉ። በእንዲህ ያለ ቀን ተጠቃሚው ሆን ተብሎ የታገደውን በስሕተት ከተመታው በዓይኑ ሊለይ አይችልም፤ ባለሥልጣኑም «የቴክኒክ ችግር ነው» ቢል የሚሞግተው ማስረጃ አይኖረውም። ቀኑ፣ አገሩና የኔትወርኩ ስም የሰፈረበት የኡኒ ፕሮብ መዝገብ ግን መሞገቻ ይሆናል።

ውጤቱን ሲያነቡ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «አጠራጣሪ» የሚለው ምልክት «ታግዷል» ማለት አይደለም፤ የድረ ገጹ የራሱ ብልሽትም ያንኑ ምልክት ሊያመጣ ይችላል። እኔ በሌላ ኔትወርክ ሳልደግመው ለማንም አልናገርም። የፍጥነት ምርመራው ዳታ ስለሚበላ በዋይፋይ ቢሠራ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የሚመረመሩት ድረ ገጾች ዝርዝር ነው። የወሲብ፣ የተቃዋሚ ፖለቲካና ሌሎች መጎብኘታቸው ሊያስጠይቅ የሚችል ገጾች ይገኙበታል። ቁጥጥሩ በጠነከረበት አገር ያላችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ቅንብሩ ገብታችሁ የማትፈልጉትን ዘርፍ አጥፉ። ጥርጣሬያችሁ በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ የእርሱን አድራሻ ብቻ አስገብታችሁ መመርመር ትችላላችሁ።