ዳሽቦርድ ስትመርጡ «ወይም»ን ሞክሩ፦ ኤክሴል፣ ፓወር ቢአይ ወይስ ታብሎ?

የዳሽቦርድ (ቁጥሮችን በግራፍ አጠቃልሎ በአንድ ገጽ የሚያሳይ ሪፖርት) መሥሪያ ሻጮች ማሳያ አንድ ዓይነት ነው። ክልል ይመርጣሉ፣ ወር ይመርጣሉ፣ የምርት ዓይነት ይመርጣሉ፤ ግራፉ ወዲያው ይለዋወጣል። ደስ ይላል። ግን ይህን የማይሠራ መሣሪያ የለም። ብዙ ዓምዶችን በ«እና» አያይዞ ማጣራት ሁሉም ይችላል። የሚለያዩት «ወይም» ሲመጣ ነው።

ለምሳሌ ኃላፊያችሁ «ክፍያ ያዘገዩ ወይም ዕቃ የመለሱ ደንበኞችን አሳዩኝ» አሉ እንበል። ክፍያው አንድ ዓምድ ነው፣ የተመለሰው ዕቃ ሌላ። ሁለት ማጣሪያ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የሚወጣላችሁ ሁለቱንም ያደረገው ደንበኛ ብቻ ነው። አንዱን ብቻ ያደረገው ከዓይን ይሰወራል። ግራፉ ግን ያምራል፣ ማንም አይጠረጥርም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚንቁት ኤክሴል ይገርማል። በላቀ ማጣሪያው (አድቫንስድ ፊልተር) መስፈርቶቹን በአንድ ረድፍ ከጻፋችሁ «እና» ይሆናሉ፣ በተለያየ ረድፍ ከጻፋችሁ «ወይም»። በቃ። መስፈርቱን በቀየራችሁ ቁጥር ግን እንደገና ማስኬድ አለባችሁ። ስላይሰሩም (በክሊክ የሚያጣራ የአዝራሮች ሳጥን) ከኤክሴል 2010 ጀምሮ አለ፤ ከአንድ ምንጭ የተሠሩ በርካታ ፒቮቶችን (ማጠቃለያ ሰንጠረዦችን) አንድ ላይ ያጣራል። ችግሩ አንድ ሉህ ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይዝም። ከዚያ በፊት ግን የሚያማርራችሁ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እየተባለ በኢሜይል የሚዞረው ፋይል ነው። ሪፖርቱን የሚያዩት ሁለት ሦስት ሰዎች ከሆኑ ሌላ ነገር አትግዙ።

ተመልካቹ ሲበዛ ፓወር ቢአይ ይሻላል። ማጣሪያውን ለአንድ ግራፍ፣ ለአንድ ገጽ ወይም ለሙሉ ሪፖርቱ መወሰን ይቻላል። በአንድ ስላይሰር ውስጥ በርካታ ዓምዶችን በደረጃ መደርደርም ይፈቅዳል፤ ክልል፣ ከሥሩ ከተማ፣ ከሥሩ ቅርንጫፍ። በሁለት ዓምዶች መካከል «ወይም» ለማለት ግን በዳክስ (የፓወር ቢአይ የቀመር ቋንቋ) ቀመር መጻፍ ያስፈልጋል። ቀመር የሚጽፍ ሰው ከሌላችሁ እዚሁ ትቆማላችሁ። ዳታው በቀጥታ ከዳታቤዝ የሚጠየቅ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ክሊክ አዲስ ጥያቄ ስለሚልክ ገጹ ይንቀራፈፋል። መፍትሔው ሁሉንም መርጦ አንድ ጊዜ የሚያስኬደውን አዝራር መጨመር ነው። የመሥሪያው ፕሮግራም ነጻ ነው፣ የሚሠራው ግን በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ለባልደረባ ማጋራት ሲመጣ ክፍያ አለ።

ታብሎ ላይ «ወይም» ቀላል ነው፤ አንድ መስመር ቀመር ጽፋችሁ ማጣሪያው ላይ ትጥሉታላችሁ። ክልል ስትመርጡ የከተማው ዝርዝር ራሱ እንዲያጥር ማድረግም ይቻላል። እኔን ጉድ የሠራኝ ግን «ምርጥ 10» የሚለው ነው። ክልል መርጬ የዚያን ክልል ምርጥ 10 ደንበኞች ስጠብቅ 3 ብቻ ወጡ። ታብሎ ሁለቱን ማጣሪያዎች ለየብቻ ነው የሚያሰላቸው፦ መጀመሪያ ከጠቅላላው ምርጥ 10ን ወሰደ፣ ከነሱ ውስጥ በክልሉ ያሉት 3 ነበሩ። ክልሉን «ኮንቴክስት» ማጣሪያ (ከ«ምርጥ 10» ቀድሞ የሚሰላ) ሳደርገው ተስተካከለ። አንዴ ካወቁት ቀላል ነው፤ እስኪያውቁት ድረስ ግን የተሳሳተ ሪፖርት ለስንቱ ይሄዳል! ዳታ የሚፈትሽ ባለሙያ ካላችሁ ከሁሉም ይህን እመርጣለሁ።

በጀት ከሌለ ሁለት አማራጭ አለ። ሉከር ስቱዲዮ በነጻ ይሠራል፤ «ወይም»ንም ያውቃል፣ ነገር ግን ሪፖርቱን የሚሠራው ሰው አስቀድሞ ሊያዘጋጀው ይገባል፣ ተመልካቹ በራሱ አይፈጥረውም። ሜታቤዝ ደግሞ ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ) ነው። አንዱን የዳሽቦርድ ማጣሪያ በየግራፉ ስማቸው ከሚለያይ ዓምዶች ጋር ማገናኘት ያስችላል፤ አንዱ ሰንጠረዥ «ቀን»፣ ሌላው «የትዕዛዝ ቀን» ለሚልባቸው ቢሮዎች ትልቅ እፎይታ ነው። እዚያም ጎን ለጎን የተቀመጡ ማጣሪያዎች የሚያያዙት በ«እና» ነው።