ልጃችንን ከመውደቅ ላዳኑልን አናጺ እግዚአብሔር ይስጥልን

ሰሚት አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸውን አንድ አናጺ በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። እኛ ቤት ጋሼ ነው የምንላቸው። ትንሽ ልጅ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኚህን ሰው ብታውቋቸው ትጠቀማላችሁ።

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ከአልጋዋ እየተንጠላጠለች መውጣት ከጀመረች ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረንም። እግሯን አጥሩ ላይ ትሰቅላለች፣ ሆዷን ከላይ ትጥላለች፣ ከዚያ ወደ ውጭ ትዘረጋለች። የሚቀድመው ጭንቅላቷ ነው። ከታች ያለው ደግሞ ሴራሚክ። ፍራሹን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግነው። ረግጣ እንዳትወጣ ትራሱንም ትልልቁን አሻንጉሊትም አነሳንባት። ምንም አልበገራትም። ማታ ኮሽ ባለ ቁጥር እኔና አባቷ እኩል ዘለን እንነሳለን።

ቤተሰቡ የተስማማው አጥሩ ይርዘም በሚለው ነበር። ከላይ መረብ ይወጠርበት ያሉም ነበሩ። ጋሼን የጠራናቸውም ለዚሁ ነው። እሳቸው ግን ሜትር እንኳ ሳያወጡ «እስቲ አልጋው ውስጥ አቁሚያት» አሉኝ። አጥሩ ደረቷ ላይ ደረሰ። «ልጄ፣ ይሄን ባስረዝመው ከባሰ ከፍታ ነው የምትወድቀው። መረቡም አንገቷን ሊይዛት ይችላል። እኔ አልሠራውም» አሉ። የታዘዙትን ሠርተው ሂሳባቸውን መቀበል ይችሉ ነበር እኮ። ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ለዚህ ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ምክርም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። የልጁ ቁመት 89 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ወይም አጥሩ ከቁመቱ ሦስት አራተኛ ሲያንስ፣ ከሕፃን አልጋ መውጣት አለበት ይላሉ።

አልጋችን ከውጭ የመጣ ነው፤ አንዱ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት ዓይነት። ጋሼ ያንን ጎን ነቅነቅ ሲያደርጉት ማያዣው ፕላስቲክ ተሰንጥቆ አሳዩኝ። እንዲህ ያለው አልጋ አሜሪካ ውስጥ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይመረትና እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ጎኑ ሲላቀቅ በሚፈጠረው ክፍተት ተይዘው የሞቱ ሕፃናት አሉ። ከዘመድ የተላከላችሁ ወይም ከሰው እጅ የገዛችሁት ካለ ዛሬውኑ ነቅንቃችሁ እዩት።

የተሰነጠቀውን ጎን ጣሉትና በቀረው እንጨት ዝቅ ያለ አልጋ ሠሩላት። እግሮቹን ቆርጠው ፍራሹን ከወለሉ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ አደረጉት። በራስጌዋ በኩል አጭር መከለያ፣ በእግሯ በኩል ደግሞ ራሷ የምትወርድበት ክፍት ቦታ አለው። ጠርዙን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሱ በኋላ ጥጥ ይዘው እንጨቱ ላይ እየጎተቱ ዞሩ። ጥጡ የያዘበትን ቦታ እንደገና ፈተጉት። ስንጥር የልጅ እጅ ሳያገኘው ጥጥ ያገኘዋል አሉኝ።

ሊወጡ ሲሉ ዓይናቸው መሳቢያ ያለው ቁምሳጥን ላይ አረፈ። «አሁን ከአልጋ በነጻነት ልትወርድ ነው፤ ቀጥሎ የምትወጣው እዚህ ላይ ነው» ብለው በፊሸርና በብሎን ከግድግዳው ጋር አሰሩት። ለዚህ አንድ ብር አልጨመሩብንም።

እውነቱን ለመናገር አልጋው ዝቅ ስላለ ብቻ ልጅ አይተኛም። መጀመሪያ አካባቢ እየተነሳች ሳሎን ድረስ ትመጣ ነበር። ብዙ ሳናወራት ደጋግመን መመለስ የእኛ ሥራ ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች። ብትንከባለልም የምትወርደው ምንጣፍ ላይ ነው።

ዋጋቸው አዲስ አልጋ ከምንገዛበት ግማሹን እንኳ አይሞላም። ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀን ሊገፉባችሁ ይችላሉ፣ ግን ቀድመው ደውለው ይነግሯችኋል። ስልካቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የአልጋውን ፎቶ፣ የፍራሹን ርዝመትና ስፋት፣ የልጁንም ቁመት ያዙ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።