ድሬ ላይ ብዙ እንግዳ ካለባችሁ፦ የመጋላዋ መንዲ ቤት

ለሁለት ሰው ማንም ምግብ ቤት አሳምሮ ያቀርባል። አስር አስራ ሁለት ሆናችሁ ግቡና ያን ጊዜ እዩት። መቀመጫ ይበቃል ወይ? ምግቡ ለሁሉም እኩል ይደርሳል ወይ? አንዱ በልቶ እጁን ሲታጠብ ሌላው ገና ያዘዘውን እየጠበቀ ነው ወይ? ድሬ ዳዋ ውስጥ ደስ የሚል ካፌ ሞልቷል፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ ማኪያቶ መጠጣትን የሚያክል ነገር የለም። ግን ዘመድ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ልጅ ተመረቀ፣ ኒካ ታሰረ ተብሎ ሰው ሰብስባችሁ የምታበሉበት ቤት ስትፈልጉ ምርጫው ወዲያው ይጠባል።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ስላለች አንዲት መንዲ ቤት ነው። ታፔላ የላትም። ሰዉ በባለቤቷ ስም ነው የሚጠራት፣ የግል ስም ስለሆነ እዚህ አላሰፍረውም። ቀፊራ ገበያ አካባቢ ደርሳችሁ “መንዲ የምትሠራዋ እናት ጋ” በሉት፣ ባጃጁ ያደርሳችኋል።

አሠራሩን ትንሽ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ጣዕሙ የሚመጣው ከዚያ ነው። መንዲ የየመን ምግብ ነው። ባቡሩ በፈረንጆቹ 1902 ድሬ ደርሶ ከተማዋ ስትቆረቆር የመኑም፣ ሕንዱም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም ለንግድ መጥቶባታል፣ ምግቡንም ይዞ ነው የመጣው። መንዲ ላይ ሥጋና ሩዝ ለየብቻ ተሠርተው ትሪ ላይ የሚገናኙ አይደሉም። መሬት ውስጥ የተቀበረ ጥልቅ ምድጃ አለ። ፍሙ ከታች ነው፣ ሩዙ በትልቅ ድስት ፍሙ ላይ ይቀመጣል፣ ፍየሉ ከድስቱ በላይ በሽቦ ላይ ይጋደማል፣ ከዚያ የምድጃው አፍ ተከድኖ ዙሪያው እንፋሎት እንዳያወጣ ይመረጋል። ከሁለት ሰዓት በላይ እዚያው ይቆያል። ስቡ እየቀለጠ ሩዙ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ የፍሙ ጭስ ደግሞ መውጫ ስለሌለው ሥጋው ውስጥ ይገባል። ቅመሙ ብዙ አይደለም፤ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ እርድ። ድስት ውስጥ ሩዝ ከመረቅ ጋር ቀቅለው፣ ሥጋውን በዘይት ጠብሰው፣ ላዩ ላይ ጣል አድርገው መንዲ ነው የሚሉ ቤቶች አሉ። አንዴ ትክክለኛውን የቀመሰ ሰው በመጀመሪያው ጉርሻ ይለየዋል።

እዚህ ቤት ፍየሉ ወጣት ነው። ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ያረጀ ወጠጤ የታረደበት ቤት ሽታው በር ላይ ይቀበላችኋል፣ የፈለገውን ያህል ሄል ቢደፉበት አይሸፈንም። እዚህ ግን የሚሸታችሁ ጭስና ቀረፋ ብቻ ነው።

ትሪው ሲመጣ ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት። ሩዙ ነጭና ቢጫ ነው፣ ፍሬ ከፍሬ አልተጣበቀም፣ ላዩ ላይ የተጠበሰ ሽንኩርትና ዘቢብ ተበትኖበታል። ሥጋው ከነአጥንቱ ነው። አስተናጋጁ ወርቹን በሁለት ማንኪያ ያዝ አድርጎ ሲስበው አጥንቱ ሙልጭ ብሎ ብቻውን ይወጣል። ቢላ ጠረጴዛው ላይ የለም፣ አያስፈልግምም። ቅልጥሙን በዕድሜ ትልቅ ወደሆነው እንግዳ ነው የሚያዞረው፣ ማንንም ሳይጠይቅ አይቶ ያውቃል። ከዚያ በፊት መረቅ በብርጭቆ ይሰጣችኋል፣ የፍየል አጥንት የተቀቀለበት፣ ሎሚ የተጨመቀበት። በስባሱ ለብቻው ነው የሚመጣው፤ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ አብሮ የተፈጨ። የዚያኑ ቀን ጠዋት የተፈጨ መሆኑን አረንጓዴው ቀለሙ ይናገራል። ሙዝም አብሮ ይቀርባል። ሙዝ ከሩዝ ጋር ሲባል ፊታቸው የሚለወጥ እንግዶች አሉኝ፣ ለእነሱ የምለው አንድ ነገር ነው፤ በስባስ ካቃጠላችሁ በኋላ አንድ ቁራሽ ሙዝ ከሩዙ ጋር ጉረሱ። ሶማሌዎች ይኼን ሲበሉ የኖሩት በምክንያት ነው።

አንድ ትሪ ለአራት ለአምስት ሰው ይሆናል። አስራ አምስት ሆናችሁ ብትገቡ ሦስት ትሪ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ አንዱ ሲበላ ሌላው አያይም። ሩዝ ከጎደለ ሳትጠይቁ ይጨምራሉ፣ ለጭማሪው አያስከፍሉም። ይኼን ከአዳራሽ ቡፌ ጋር አወዳድሩት። ድሬ ውስጥ አንድ ትልቅ አዳራሽ ያለው ቤት ተጋብዤ ጭልፋ የያዘ ልጅ ከሥጋው ድስት ጀርባ ቆሞ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ቁራጭ እየቆጠረ ሲያወጣ አይቻለሁ። ሦስተኛ የጠየቁ አንድ አባት “በቃ” ተባሉ። ደጋሹ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ አንገቱን ደፍቶ ነው ያመሸው። የመጋላዋ ቤት አዳራሽም ጌጥም የላትም፣ እዚያ ያበላችሁት ሰው ግን ጠግቦ ነው የሚወጣው። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ መስፈርት የለም።

ፎቁ ላይ ፍራሽና መከዳ የተደረደረበት ክፍል አለ። ቤተሰብ ከሆናችሁ እሱን ጠይቁ። ሐረር፣ የጀጎል ቤት ውስጥ ነደባ ላይ ጫማ አውልቆ የበላ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል፤ ከፍ ያለ መደብ ላይ እግርን አጥፎ ሲቀመጡ ጨዋታው ይረዝማል፣ ማንም ሰዓት አያይም። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ትልቅ ሰው ይዤ ሄጄ አስተናጋጁ “ብላ እንጂ አቦ፣ ምን ታፍራለህ!” ሲላቸው ደንገጥ አሉ። ድሬ ለሁሉም አንተ ነው፣ ለከንቲባም ለሽማግሌም። ትንሽ ቆይተው ግን ልጁን ስሙን ጠይቀው በስሙ እየጠሩ መረቅ ሲያስጨምሩት ነበር።

አሁን ብዙ ሰው ለመጠየቅ የሚያፍረውን ላንሳ። ቤቱ የሙስሊም ቤት ነው፣ ሥጋው ሐላል ነው። የድሬ ግብዣ ላይ ደግሞ ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ አብሮ አደጉም ይመጣል። የእስላም ሥጋ የማይበላ ክርስቲያን እንግዳ ይኖራል፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ይኖራል። እናቶቻችን ይኼን ሲያስተናግዱ ነው የኖሩት፤ ሰርግ ሲደገስ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላ፣ ማንም ሳይከፋው ሁሉም በልቶ ይሄዳል። የመንዲ ቤት ችግሩ ሩዙ ራሱ ከሥጋው ስር ስለሚበስል ሥጋውን ለማይበላ ሰው ሩዙም አይሆንም። እዚህ ቤት ከአንድ ቀን በፊት ከነገራችኋቸው ለብቻው በዘይት ብቻ፣ ከድንችና ካሮት ጋር ሩዝ ይሠራሉ። ማማሰያው ሳይቀር ሌላ ነው፣ ወጥ ቤት ገብቼ አይቻለሁ። በዚያ ላይ ፉል ይጨምራሉ። ባልነገራችኋቸው ቀን ግን ይኼ የለም፣ ጾመኛ እንግዳችሁ ዳቦና ሰላጣ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ እንግዶቻችሁን አስቀድማችሁ እወቁ፣ አስቀድማችሁም ንገሩ።

ቤታችሁ ልትደግሱ ካሰባችሁ ሙሉ ፍየል በትዕዛዝ ይሠራሉ። እንደ ፍየሉ ከ12 እስከ 15 ሰው ያጠግባል። ሩዙን ስንት ኪሎ ይሁን ብለው ይጠይቋችኋል። አንድ ኪሎ ሩዝ ሲበስል ለሰባት ለስምንት ሰው ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ማዘዝ ብክነት ነው። ትሪዎቹን በመያዣ ያውሷችኋል። በፎይል ሸፍነው በባጃጅ ነው የሚልኩት፣ መረቁን በጀሪካን፣ በስባሱን ለብቻው።

የሚደርስበትን ሰዓት ግን አጥብቃችሁ ተነጋገሩ፣ ይኼን በጣም እለምናችኋለሁ። የበሰለ ሩዝ በድሬ ሙቀት ማቆየት ጨዋታ አይደለም። ሩዝ ላይ የሚገኝ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ስፖሩ ሩዙ ሲፈላ አይሞትም። ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባና መርዝ ያወጣል፣ ከመርዙም አንዱ ዓይነት መልሳችሁ ብታሞቁት እንኳ አይጠፋም። ትውከቱ የሚመጣው እንግዳው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፣ ጥፋቱም ወደ ፍየሉ ይላከካል። የበሰለ ምግብ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ ይባላል፣ ከ32 ዲግሪ በላይ ሙቀት ካለ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ቀን ቀን 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዳ ለሰባት ሰዓት ከጠራችሁ ምግቡ ሰባት ተኩል ይድረስ። ሰዉ ውሃና መረቅ ይዞ ግማሽ ሰዓት ቢጫወት ምንም አይሆንም። አምስት ሰዓት ላይ ተቀብላችሁ ሳሎን ውስጥ ሸፍናችሁ አታስቀምጡት። የተረፈውን ወዲያው ፍሪጅ አስገቡ፣ ወይም ትኩሱን ለጎረቤት አካፍሉ።

የቀረውን እቤት ሥሩ። ሰላጣና ካሮት በሐረማያና በሐረርጌው ኮምቦልቻ በኩል ይመጣል፣ ጠዋት በማለዳ ቀፊራ ብትወርዱ ትኩሱን ታገኛላችሁ። ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው ካለ ሐልዋ አስመጡ። በደንገጎ ሽቅብ 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠዋት ሄዶ ለምሳ ይመለሳል። ከፍየል ስብ በኋላ ሐልዋ በቀጭኑ ተቆርጦ ከሐረር ቡና ጋር ሲቀርብ ያለውን ነገር ኬክ አይተካውም። ኬክ በዚያ ሙቀት ክሬሙ ይቀልጣል፣ ሐልዋ ምንም አይሆንም። አልኮል ለማይጠጣ እንግዳ ሐረር ሶፊ አቀዝቅዙ። ቤቱ ራሱ ውስጥ አልኮል አይሸጥም፣ ይዛችሁ መግባትም አትችሉም፣ ያን የሚፈልግ ግብዣ ካላችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ጉድለቱንም ልናገር። ምድር ቤቱ ይሞቃል። ሁለት ቬንትሌተር አለ፣ መብራት ሲጠፋ ግን ጀነሬተር ስለሌለ ሁለቱም ይቆማሉ፣ ያኔ ምድጃው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ስቃይ ነው። ትልልቅ ሰዎችን እዚያ አታስቀምጡ። ሻዩ ስኳሩ ይበዛል፣ ያለ ስኳር ብላችሁ እዘዙ። መታጠቢያው አንድ ነው፣ ብዙ ሆናችሁ ስትነሱ ወረፋ ትጠብቃላችሁ። ሥጋው ስምንት ሰዓት አካባቢ ማለቅ ይጀምራል። ዘግይታችሁ ከመጣችሁ የሚደርሳችሁ ጎድንና አንገት ነው፣ ዋጋው ግን ያው የጭኑ ዋጋ ነው። ይኼ ልክ አይደለም። ለባለቤቷ ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ፣ “እውነትህን ነው” ብላኛለች፣ እስካሁን ግን አልተስተካከለም። ለእራት ደግሞ አልመክርም። ማታ የሚቀርበው የቀኑ ሩዝ ነው፣ ከላይ የጻፍኩትን አንብባችሁ ከሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ዋጋ አልጽፍም፣ ምክንያቱም ፍየል ገበያ ላይ ነው የሚወሰነው፣ ለኢድና ለፋሲካ ሰሞን ይወጣል። ሙሉ ፍየል ስታዙ ግማሹን ቀብድ ትከፍላላችሁ፣ ቀሪውን ትሪው ሲደርስ። ዋጋውን የዚያኑ ዕለት በስልክ ሳይሆን ቀብዱን ስትሰጡ ቁረጡ፣ በወረቀት ላይም ያጽፏችሁ፣ ቅር አይላቸውም። ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ እዘዙ፣ የሰርግ ወቅት ከሆነ ከዚያም በላይ። ዓርብ ቀን ከጁምዓ ሶላት በፊት በሩ ዝግ ነው፣ ሰባት ተኩል ላይ ይከፈታል፣ ትኩሱ ትሪ የሚወጣውም ያኔ ነው።