ጀጎልን በፊልም ለማንሳት፦ ማሚያ አርቢ 67 ወይስ 4 በ5?

ሁለቱንም ተሸክሜ ሐረርን ዞሬባታለሁ፤ ስለዚህ ሳልዞር ልንገራችሁ። የምትገዙት አንድ ካሜራ ብቻ ከሆነ ማሚያ አርቢ 67 ይሁን። 4 በ5 ኢንች በሆነ ቁራጭ ፊልም የሚያነሳው ትልቁ ካሜራ (ላርጅ ፎርማት) በጣም የምወደው ዕቃ ነው፤ ጀጎል ውስጥ ሰው ለማንሳት ግን አይመችም።

ግንቡ ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች 368 ናቸው ይባላል፤ አንዳንዶቹ ሁለት ሰው እንኳ በግድ ነው የሚያሳልፉት። እዚያ መሀል ትራይፖድ ዘርግቶ፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ፣ የተዘቀዘቀ ምስል ላይ ፎከስ መፈለግ መንገድ መዝጋት ነው። ደግሞ ፎከሱን አግኝታችሁ፣ የሌንሱን መዝጊያ (ሹተሩን) ዘግታችሁ፣ የፊልሙን መያዣ ሰክታችሁ፣ መሸፈኛውን እስክትስቡ ልጁ ሮጦ ሄዷል፤ ባይሄድም ትንሽ ወደ ፊት ጠጋ ካለ ዓይኑ ይደበዝዛል።

አርቢው ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፤ አንገት ይቆርጣል። ግን ባትሪ የሚባል ነገር አይፈልግም። ከላይ ወደ ታች ስለምታዩበት መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹን እያወራችሁ ታነሳላችሁ፤ ፊታችሁን አይከልለውም። ግራና ቀኙ ተገላብጦ መታየቱ መጀመሪያ ያደናግራል፣ ቶሎ ይለመዳል። በቁመት ለማንሳት ፊልሙን የያዘውን ጀርባውን ብቻ ማዞር ነው፣ ካሜራውን ማጋደም የለም። 120 ከሚባለው ፊልም አንድ ጥቅልል 10 ፎቶ ይወጣል።

ነገሩ የሚገለበጠው ግንቡን ስታነሱ ነው። ሸዋ በር ጋ ቆማችሁ አርቢውን ቀና ካደረጋችሁት ግድግዳው ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። በ4 በ5 ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ሌንሱን ብቻ ወደ ላይ ከፍ ታደርጋላችሁ፤ ግንቡ እንዳለ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፊልሙም ከአርቢው ሦስት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ በትልቁ ስታሳትሙት ድንጋዩን አንድ በአንድ ትቆጥሩታላችሁ። ሥራችሁ ሕንፃ ብቻ ከሆነ ያለ ምንም ማመንታት እሱን ግዙ።

ድሬዳዋ ለምትኖሩ ግን አንድ ጣጣ አለው፦ ሙቀቱ። የ4 በ5 ፊልም አንድ በአንድ ነው በጨለማ ከረጢት ውስጥ የሚጫነው፤ ፊልሙን በቁመቱ ይዛችሁ ጠርዙ ላይ ያሉትን ቁርጦች በጣት ዳብሳችሁ ቀኝ ላይኛው ጥግ ላይ ሲሆኑ ብርሃን የሚቀበለው ገጽ ወደ እናንተ ዞሯል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ እጅ ከረጢቱ ውስጥ ያልበዋል፣ አሻራውም ፊልሙ ላይ ይቀራል። ማታ ሲቀዘቅዝ ጫኑት።

ያገለገለ አርቢ ስትገዙ ጀርባው ላይ ያለውን ስፖንጅ ንኩት፤ የሚፈረፈር ከሆነ ብርሃን ያስገባል፣ ማስቀየሪያውን ከዋጋው አስቀንሱ። የ4 በ5 ከሆነ ጨለማ ክፍል ግቡና በሌንሱና በጀርባው መሀል ባለው ተጣጣፊ ሸራ ውስጥ የእጅ ባትሪ አብሩበት፤ ቀዳዳ ካለው በየማዕዘኑ እንደ ነጥብ ይታያል።