ከነሙሉ ዕቃው የሚሸጠው ባለ 60 ሊትር አኳሪየም፦ ባሕር ዳር ላይ ከስምንት ወር በኋላ

ፍርዱን እናስቀድም። መስታወቱና የፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ሞተር የተከፈለባቸውን ያህል ያገለግላሉ። ሂተሩ (የውሃ ማሞቂያው) ለባሕር ዳር ሌሊት አይበቃም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «ውሃ ሞልተው በ24 ሰዓት ዓሣ ይጨምሩ» የሚል መመሪያ ደግሞ ዓሣ ይፈጃል። ዕቃው ሥራ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው፤ አሁን ሐምሌ ገብቷል። የታኅሣሥን ብርድ፣ የሚያዝያን ሙቀትና የክረምቱን የመብራት መቆራረጥ አይቷል ማለት ነው።

ካርቶኑ ውስጥ 60 በ30 በ35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 5 ሚሊ ሜትር መስታወት ገንዳ፣ ከኋላ የሚንጠለጠል ፊልተር፣ ባለ 50 ዋት ሂተር፣ ኤልኢዲ መብራት ያለው ክዳንና ቴርሞሜትር አለ። 60 ሊትር የሚያህለው አፉ ድረስ ሲሞላ ነው። 4 ሴንቲ አሸዋ ተነጥፎ ውሃው ከጠርዙ 3 ሴንቲ ዝቅ ሲል የሚቀረው 50 ሊትር ገደማ ስለሆነ መድኃኒትም ሆነ የዓሣ ብዛት በ50 ይሰላ። ተሞልቶ ከ70 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ስስ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም። ጠረጴዛውን በውሃ ልክ አስተካክሎ ከገንዳው ሥር 1 ሴንቲ ፎም ማንጠፍ የሲሊኮኑን መገጣጠሚያ ያድነዋል። እስካሁን ጠብታ አላፈሰሰም።

አሸዋ 11 ኪሎ ይበቃል። የግንባታ አሸዋም ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ ደረቁ ላይ ሎሚ ጠብ ይደረግበት። አረፋ ከሠራ ኖራ አለበትና ውሃውን ያከብደዋል፤ ይተው። የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ምንም አይለቅም። አሸዋው ውሃው ጥርት እስኪል በባልዲ እያማሰሉ ይታጠባል፤ ሳሙና ግን አይነካውም።

ወደ ሂተሩ እንምጣ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊት ደጁ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ማሞቂያ የሌለው ሳሎን ደግሞ ንጋት ላይ 17 ዲግሪ ይሆናል። ባለ 50 ዋቱ መቆጣጠሪያው 26 ላይ ተደርጎ፣ ቀይ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ፣ ውሃው ከ22 አላለፈም። በባለ 100 ዋት ሲተካ 24 ላይ እየጠፋ እየበራ መቆየት ቻለ። ውሃ ሲቀየር ሂተሩ ከ15 ደቂቃ በፊት ከሶኬት ይነቀል፤ እንደጋለ አየር ላይ ከወጣ ብርጭቆው ይሰነጠቃል። ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ረገብ ብሎ ይንጠልጠል። አለዚያ በገመዱ ላይ የሚወርደው ጠብታ ቀጥታ ማከፋፈያው ውስጥ ይገባል።

የሂተሩ ድክመት የመጀመሪያዎቹን ዓሦች መግቢያም አዘገየው። አዲስ ገንዳ ውስጥ የዓሣ ፍሳሽና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። አሞኒያና ናይትራይት መርዞች ናቸው፤ ናይትሬት በልኩ ከሆነ ዓሣ ይችለዋል። ባክቴሪያዎቹ ፊልተሩ ውስጥ እስኪበዙ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ውሃ ሲቀዘቅዝ ይዘገያሉ። ይህ ገንዳ ሰባት ሳምንት ፈጅቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ባዶው ገንዳ ውስጥ በየቀኑ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጣላል፤ ፊልተሩ ሌት ተቀን ይሠራል፤ በየሦስት ቀኑ በጠብታ መመርመሪያ ይለካል። መጀመሪያ አሞኒያ ይወጣል፤ እሱ ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አሞኒያው ዜሮ ሆነ ብሎ ዓሣ ይገዛል። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ሲታይ ብቻ ነው ገንዳው የተዘጋጀው። አኳሪየም ያለው ጎረቤት ካለ ያገለገለ ስፖንጁን አዲሱ ፊልተር ላይ ማስጨመቅ ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል።

የመጀመሪያዎቹ ዓሦች 6 ዚብራ ዳኒዮ ቢሆኑ ይመረጣል። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ስለሚስማማቸው መብራት በጠፋበት ሌሊት አይደነግጡም። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ልኬቱ ዜሮ ላይ ከቆየ፣ 5 ወንድ ጋፒ ይጨመራል፤ ሴት ከገባች በየወሩ ስትወልድ ገንዳው አይበቃም። ከዚህ በላይ አንሄድም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃዋ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው 20 በመቶ ያህል ያንሳል። 25 ዲግሪ ላይ እዚያ በሊትር 8.2 ሚሊ ግራም የሚይዘው እዚህ 6.6 ገደማ ነው፤ ከውጭ የተቀዳ «በሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚል ስሌት ይህን አያውቅም። ሻጭ ሁሉ የሚያስቀድመው ጎልድ ፊሽ ለዚህ ገንዳ አይሆንም፤ ከ20 ሴንቲ በላይ የሚያድግ፣ ፍሳሹም የበዛ ዓሣ ነው።

ዓሣው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሐል ላይ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። ላስቲኩ አንድ ሦስተኛ ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛ አየር ሆኖ በፎም ሳጥን ይታሸግ፤ ዓሣውም ከመጫኑ በፊት አንድ ቀን ጾሙን ይዋል። በአውሮፕላን ከሆነ ላስቲኩ ከፍታ ላይ ስለሚነፋ ተወጥሮ አይታሰር። ሲደርስ እንደታሰረ ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ ይንሳፈፍና ሙቀቱ ይስተካከል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን መዘግየት የለም። መንገድ ላይ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ዝቅ አድርጎ አሞኒያውን ጉዳት በማያደርስ መልክ ይዞት ነበር፤ ላስቲኩ ሲፈታ ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይጨምራል፣ አሞኒያውም መርዝ ይሆናል። ዓሣውን በመረብ አውጥቶ ማስገባት፣ የላስቲኩን ውሃ መድፋት ነው።

ፊልተሩ ጸጥ ያለ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ችግር አለበት። ውሃው ከጠርዙ ከ4 ሴንቲ በላይ ከወረደ ሞተሩ መሳብ ያቅተውና በደረቁ እየተንጫጫ ይሽከረከራል፤ እንደዚያ ከቆየ ይቃጠላል። ሚያዝያ ላይ ውሃው 29 ዲግሪ ሲደርስ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ ያወጣሉ፤ ያኔ የውሃውን ከፍታ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ከፊልተሩ የሚወርደውን ፏፏቴ ስለሚያጎላው ኦክስጅን ይጨምራል። ሁለቱ ይጣረሳሉ፤ 4 ሴንቲ ላይ ምልክት አድርጎ ከዚያ አለማለፍ ያስታርቃቸዋል። መብራት ጠፍቶ ከአራት ሰዓት በላይ ከቆየ ስፖንጁን አውጥቶ ገንዳው ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሲመጣም የፊልተሩን ሣጥን አለቅልቆ መመለስ ያስፈልጋል፤ የቆመው ውሃ ውስጥ ባክቴሪያው ታፍኖ ይሞታልና። በዩኤስቢ የሚሠራ ባለ 1 ዋት የአየር ፓምፕ በ10,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ፓወር ባንክ 20 ሰዓት ያህል ይሠራል። ፓምፑ ከውሃው ወለል በታች ከተቀመጠ ቱቦው ላይ ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ ይግባ፤ አለዚያ ሲቆም ውሃው ተመልሶ ወለል ላይ ይፈስሳል።

አብሮት የሚመጣው የከሰል ካርትሪጅ በየወሩ ይቀየር ይላል። ይህ ለሻጩ ይመቻል፤ ገንዳው ግን በየወሩ ባክቴሪያውን ያጣል። በልኩ የተቆረጠ፣ ኬሚካል ያልተነከረ ሻካራ ስፖንጅ ይሻላል፤ በየሦስት ሳምንቱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ይጨመቃል፣ በቧንቧ ውሃ ግን አይታጠብም።

ውሃ በሳምንት 12 ሊትር ይቀየራል። የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ባልዲ ውስጥ ክፍቱን 24 ሰዓት ይደር፤ ሮቶው በበረኪና በታጠበ ሰሞን ግን አይቀዳም። ብርድ ላይ 11 ሊትር ባለ 19 ዲግሪ ውሃ ላይ ከማንቆርቆሪያ አሁን የፈላ 1 ሊትር ቢጨመር 25 ዲግሪ ይመጣል፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ላይ ነው። ለትንኝ ፍሊት በሚነፋበት ምሽት ደግሞ የአየር ፓምፑ ጠፍቶ ገንዳው በእርጥብ ፎጣ ይሸፈን፤ ለሰው ቀላል የሆነው መርጫ ዓሣን ይጨርሳል።

ከጣና ውሃም፣ ቅጠልም፣ የቀረሶ ጫጩትም ወደ ገንዳው አይግባ። ቀረሶ ያድጋል፤ የሐይቁ ዳር ቀንድ አውጣ ደግሞ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒውም ያው ነው፤ የሰለቸን ጋፒ ወይም የገንዳ ተክል ሐይቁ ውስጥ መጣል አይገባም። ጣና ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉበት፤ በብዙ አገር ለጌጥ ተብሎ የተሰራጨው እምቦጭም 2011 እ.ኤ.አ. ላይ ከታየ ወዲህ ያደረሰው ይታወቃል።

በስምንት ወር የተበላሸው ሁለት ነገር ነው። የክዳኑ ማጠፊያ በአምስተኛው ወር ተሰበረ፤ የመብራቱ አዳፕተር ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ፣ በ12 ቮልት አዳፕተር ተተካ። መብራቱን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማብራት አረንጓዴ ሽበት (አልጌ) ያመጣል። ለሚገዛ ሰው፣ ገና ሱቁ ውስጥ እያለ ለፊልተሩ ሞተር አንድ ትርፍ ማግኔት ከነዘንጉ ይጠይቅ፤ ለብቻው ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።